የካራቆሬ ነውጥና የመሐንዲሱ ሒሳብ

ከጨፋ ሮቢት በስተደቡብ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬና ጎረቤቷ ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። የትልቁ ነውጥ መጠን ከ6 በላይ ነበር፤ ማጀቴ ፈረሰች፣ ካራቆሬ ክፉኛ ተጎዳች፣ አውራ ጎዳናውም ተሰነጠቀ። ይህን መዝግበው ያቆዩልን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዊን ናቸው፤ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታትሟል። ሲስሞግራፍ የሚስለው ውስብስብ መስመር ግን ለሕንፃ ሠሪ ቁም ነገር የሚሆነው ዝግ ብለውና ፈጥነው ወደሚወዛወዙ ቀላል ሞገዶች ሲከፋፈል ነው። ይህን መንገድ የከፈተው የሒሳብ ሊቁ ዦዜፍ ፉሪዬ ነው፤ ሙቀት በአካላት ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ የመረመረበት መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1822 ወጣ።

መንገዱ ቢከፈትም ድንገተኛ ምትን የሚያካትተው ሒሳብ ከነማረጋገጫው በቀላል ቋንቋ መሐንዲሱ ጋ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በቴሌግራፍ ሥራው ድንገተኛ ግፊትን በራሱ ስልት ያሰላ ነበር፤ ውጤቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሒሳብ ሊቃውንት ማረጋገጫ የለውም ብለው ተጠራጠሩት። የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክም ከአንድ ነጥብ በቀር በሁሉም ቦታ ዜሮ የሆነ፣ ከሥሩ ያለው የቦታ ስፋት ግን 1 የሆነ ፈንክሽን ተጠቀመ። ማረጋገጫውን የሒሳብ ሊቃውንቱ ሶቦሌቭና ሎራን ሽዋርትዝ ቢያቀርቡም ቋንቋቸው ለመሐንዲስ ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የሒሳብ ሊቁ ጄምስ ላይትሂል ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ ግን የዲራክን ፈንክሽን እየጠበቡና እየረዘሙ በሚሄዱ፣ ከሥራቸው ያለው የቦታ ስፋት ግን በማይለወጥ ለስላሳ ጉብታዎች ተከታታይ ገለጸው። ኢንተግራል የሚያውቅ ሁሉ ሊከተለው ይችላል። እኔ ይህን የማቅለል ሥራ ከግኝቱ አላሳንሰውም። የዲራክ ፈንክሽን የአንድ ቅጽበታዊ ምት መግለጫ ነው፤ ነውጥ ደግሞ የብዙ እንዲህ ያሉ ምቶች ድምር ነውና፣ ሕንፃው ለአንዱ ምት የሚሰጠውን ምላሽ ያወቀ ለሁሉም ያሰላል።

ሲቀል ጥልቀቱ ይጠፋል የሚሉ አሉ። ላይትሂል ግን ማረጋገጫውን አልተወም፤ አጭሩን መንገድ መረጠ እንጂ። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ዛሬ ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል፣ የግንባታ ደንቡም ሰንጠረዥ አለው። ሆኖም ሰንጠረዡ የአፈሩን ዓይነት ምረጥ ብሎ የሚጠይቀው መሐንዲሱን ነው። የቦርከና ወንዝ ውኃ በሚተኛበት የጨፋ ረግረግ ያለው ለስላሳ ደለል ዝግ ያሉትን ሞገዶች ሊያጎላ ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ይበልጥ የሚያናውጡት ረጅሙን ሕንፃ ነው። በዐለት ላይ የቆመ አጭር ግንብ የሚፈራው ፈጣኖቹን ነው። የአፈሩን መደብ የሳተ መሐንዲስ የተሳሳተ ቁጥር ሲያስገባ ኮምፒውተሩ አያስቆመውም። ስለዚህ በኮምቦልቻ ምህንድስና የሚማር ተማሪ ፉሪዬን በዚያው የደሴ መንገድ ላይ ከደረሰው ከካራቆሬ ነውጥ ቢጀምር፣ ቀመሩ የሚሠራለትን መሬት ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።