«ባለጉዳዩ ራሱ ካልቀረበ»

ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች አቤቱታ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይወጣ ነበር። ይወጣ ነበር ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከሮቤ የሚነሣው 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንኳ ሽቅብ ነው። እግሩ እሺ ላላለው ሰው ያኔ በቅሎ፣ ቃሬዛ ወይም የዘመድ ጀርባ ነበር ተስፋው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የአካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 70 ተመሠረተ። በባሌ ሰባት ዓመት ያህል የቆየው የእነ ዋቆ ጉቱ ዓመፅ ከበረደ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ትእዛዙ ለጉዳተኛ የሰጠው ትርጉም ዛሬ ሲነበብ ያስገርማል፦ በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት ሠርቶ ማደር ያልቻለና ደጋፊ የሌለው ሰው። በልጅነት ወይም በእርጅና ሠርቶ መብላት ያቃተውንም እዚያው ጨምሮታል። በዚህ ሚዛን ጧሪ ልጅ ያለው ዓይነ ስውር ከጉዳተኛ አይቆጠርም ማለት ነው! ሕግ አውጪውን ያሳሰበው ልመናው ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ተጉዟል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 በሥራ ቅጥር አድልዎ ተፈጸመ ሲባል የማስረዳቱን ሸክም ወደ አሠሪው አዞረ። በዓመቱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ተከተለ። ይኼኛው የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለሚከብዳቸውም የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ያረፈው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ሮቤም ጎባም ከ30 ሺህ በላይ ነበሩና ማምለጫ የላቸውም።

ባለፈው ክረምት ሮቤ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ዝናብ አቆየኝ። በግራ በኩል ራምፕ ተሠርቶለታል፤ ደስ ይላል። የታችኛው ጫፉ ግን ከመንገዱ አይገናኝም፤ በመሐል ጉልበት የሚውጥ ክፍት ቦይ አለ። የሊፍቱ ቦታም ባዶ ጉድጓድ ነው፤ በጣውላ ታጥሯል።

በዚህ መሐል አንድ ጎልማሳ በባጃጅ መጡ፤ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ከኋላ በገመድ ታስሯል። ሾፌሩ ልጅ ቦዩን አየና «ኦቦ፣ ልዘልዎት?» አላቸው።

«ጉዳዬ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ እስከዚያ ትችላለህ?»

ልጁ ዝም አለ። ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡት። እሱ ደረጃውን ሲወጣ እሳቸው የባጃጁን ሸራ ሳብ አድርገው ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ፌስታሉን እንደያዘ ወረደ።

«ባለጉዳዩ ራሱ ካልቀረበ አይሆንም አሉኝ፣ ኦቦ።»