የእንጨት ጥልፍ፦ ከመስቀል ሐረግ እስከ ማኅበራችን ዕቃ ቤት



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ጉዳይ ሳንቋጭ ተለያይተናል። በደጋፊዎቻችን በኩል የመጣችው ትንሿ የእንጨት መቁረጫ ማሽን፣ ስክሮል ሶው የምትባለው፣ ከመጣች ጀምሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ከሱፍ ጆንያው አጠገብ ተቀምጣለች። ከመካከላችን ብዙዎች «እንጨት የወንድ ሥራ ነው፤ ትሸጥና በግ ይገዛባት» አሉ። አንዲት አንጋፋ እናታችንም «ልጆቼ፣ እኛ የምናውቀው ፈትል ነው፤ ይኼ ደግሞ ከየት የመጣ ሙያ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የእናታችን ጥያቄ ቀና ጥያቄ ነው። እኔ በስፌት የምተዳደር ሴት ነኝ እንጂ አናጢ አይደለሁም። ነገር ግን «ከየት የመጣ ነው?» የሚለው ቃል እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ለቀጣዩ ጉባኤ እንዲረዳን እንዲህ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ ማሽኗ ምን እንደምትሠራ ልንገራችሁ። እንደ ክር የቀጠነ የመጋዝ ስለት ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ሠሪዋ ስስ ጣውላ በጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በላዩ የተሣለውን መስመር እየተከተለች ጣውላውን ታዞረዋለች። ተቆርጦ የወደቀው ሲነሣ ባዶው ቦታ አበባ፣ ወፍ ወይም ሐረግ ሆኖ ይታያል። እኔ ይህን የእንጨት ጥልፍ ብዬዋለሁ።

እንዲህ ያለው ጌጥ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ሰው እንግዳ አይደለም። ቄሱ ቤታችን ሲመጡ የምንሳለመውን እጀ መስቀል አስተውለን እንየው። ብዙዎቹ ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው፤ መካከላቸው ተፈልፍሎ ብርሃን ያሳልፋል። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለው ሐረግ በመስቀሉ ላይም ይገኛል። ሐረጉ የማይቋረጠው ለውበት ብቻ አይደለም። በተፈለፈለ እንጨት ላይ አንዱ መስመር ከሌላው ካልተያያዘ ተገንጥሎ ይወድቃል። ጠራቢው በቢላዋና በመሮ የሚሠራበት ይህ ሕግ ለማሽኗም ያው ነው።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ሌላም መንገድ አለ። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዝ ይመዘዛል፤ መሥራቹ ነጋሲ ክርስቶስ የአጋንቻ ሰው ነበሩ። ዘራቸው ወደ አንኮበር ወርዶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ የውጭ እንግዶችን ትቀበል ጀመር። በ1833 ዓ.ም. በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ የመጣው ወደዚያው ነው። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ደግሞ ባለ እጅ ሰው አጥብቀው ይፈልጉ ነበርና፣ የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ገባ። ከእርሱ በኋላም አርመኖች፣ ግሪኮችና ህንዶች ተከታተሉ።

በዚያው ዘመን በውጭው ዓለም የቀጭኑ መጋዝ ሥራ በእጅጉ ተስፋፍቶ ነበር። ቀደም ሲል ስለቱ በቀስት መሰል ዘንግ ተወጥሮ በእጅ ይሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ግን በአሜሪካ፣ ሮክፎርድ በተባለች ከተማ፣ የባርንስ ወንድማማቾች ፋብሪካ በእግር የሚረገጥ ማሽን እየሠራ ይሸጥ ነበር። መብራት የሌለበት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በእግሩ እየረገጠ፣ በሁለት እጁ ጣውላውን እየመራ ይቆርጥ ነበር ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር የቤት ክፈፍና የበረንዳ ጌጥ በተፈለፈለ ጣውላ ተሞላ። በህንድም ፀሐይና ዝናብ የሚከላከሉ ሰፋፊ የእንጨት በረንዳዎች የተለመዱ ነበሩ።

ህንዳውያን ግንበኞችና አናጢዎች ወደ አገራችን ሲመጡ ይህን ሙያቸውን ይዘው መጡ። ከእነርሱ መካከል ሐጂ ቃዋስ የተባለው ለአፄ ምኒልክ በግንባታ ሥራ ያገለገለ ስመ ጥር ሰው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በተሠሩት የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ላይ የዚህ ሙያ አሻራ በጉልህ ይታያል። ባለ ፎቅ ናቸው፤ ዙሪያቸውን የእንጨት በረንዳ ከቧቸዋል፤ ከጣራው ጠርዝ ደግሞ እንደ ነጠላ ጥለት የተፈለፈለ ጣውላ ይንጠለጠላል። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የራስ ብሩ ቤት፣ የዛሬውን የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ ወይም ጉለሌ የሚገኘውን የሼህ ሆጀሌ ቤት ያየ የዘመኑን የእንጨት ሥራ ያውቀዋል። ሐረርም ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለው አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው የእንጨት ቤት ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የቆርቆሮውና የግንባታው ዕቃ መንገድ ይበልጥ ቀለለ።

በዚህ ሁሉ መካከል 1900 ዓ.ም. ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፣ እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ከፈቱ። የእንጨት ደረጃውና ወለሉ እየተረገጠ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። በጥር 2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ጎድቶት ታድሷል።

ሁለተኛው፣ አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን በሌላ ስም፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ ማዋረድ እንዲቀር፣ ሠራተኛ ከተሰደበ አገር ባዶ እንደሚቀር አስታወቁ። እንዲህ ያለ አዋጅ የታወጀው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? ያ ሁሉ ቤት ሲሠራ ብዙው ጥሩ አናጢ ከውጭ መምጣቱም ከዚሁ የሚለያይ አይመስለኝም። እጁን ለሥራ የሚዘረጋ የአገር ልጅ «ቡዳ» ከተባለ፣ ልጁን የሚያስተምር አባት አይገኝም። አዋጁ የወጣው ለወንዱ ባለ እጅ ነበር። እኛ ሴቶች ዘንድ ግን ስድቡ መልኩን ቀይሮ ቀረ፤ «ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም፣ ታቃጥለዋለች እንጂ እንጨት አትጠርብም» ሆኖ።

አሁን ወደ ስፌት መኪናው ልምጣ። በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ጂግሶ የተወለደው ከስፌት መኪና ነው። እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1946 አልበርት ካውፍማን የተባለ የስዊስ ሰው የሚስቱን የስፌት መኪና መርፌ አውጥቶ በቦታው የመጋዝ ስለት አሰረበት። ይህን ባነበብኩ ማግስት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀብዬ ማሽኗን ከፈትኳት። የመጀመሪያው ስለት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተሰበረ፤ ሁለተኛውም አልቆየም። በሦስተኛው ግን እጄ አወቀው። ስፌት ላይ ጨርቁን እንመራዋለን እንጂ አንገፋውም፤ እዚህም ጣውላውን እንደዚያው ነው።

ለመሞከር ለምትፈልጉ የተማርኩትን ባጭሩ ልጻፍ።

ስለቱ ሲታሰር ጥርሱ ወደ ታች ይሁን፤ ሽቅብ ከሆነ ጣውላውን እያነሣ ያንገጫግጫል። በጣት ሲመታ እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ ይወጠር። ንድፉ በወረቀት ተሥሎ ጣውላው ላይ ይለጠፋል። ውስጡ የሚፈለፈል ከሆነ በየክፍሉ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ የስለቱ ላይኛ ጫፍ ይፈታና በቀዳዳው ገብቶ መልሶ ይታሰራል። ሁልጊዜ የውስጡ አስቀድሞ ይቆረጣል፣ የውጪው ዙሪያ መጨረሻ። የውጪው ከቀደመ እጅ የሚይዘው ቦታ ያጣል፣ ስሱ ክፍልም ይሰበራል። ማዕዘን ላይ ሲደረስ መግፋቱን ትቶ፣ ስለቱ እየሠራ ጣውላውን ባለበት ማዞር ነው። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የዓይን መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ግን አይረሱ፤ ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳል።

የእንጨቱም ነገር አለ። ጥድ መልካም ሽታና መልክ አለው፤ ነገር ግን በእንጨቱ ጅማት በኩል ቶሎ ይሰነጠቃልና ስስ ሐረግ አይወጣለትም። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ስለት ይጨርሳል። ባሕር ዛፍ በሚገባ ካልደረቀ ይጣመማል። ከቆላው በኩል የሚመጣው ዋንዛ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ ከአናጢዎች የሚተርፈው ቁራጭ ለእኛ ሥራ ይበቃል። ዛፍ እንቁረጥ አላልኩም።

እነዚያ የአዲስ አበባ በረንዳዎች ዛሬ እያረጁ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የቀሩትም የተሰበረ ክፈፋቸውን አስመስሎ የሚተካ እጅ ይፈልጋሉ። እኛ ነገ ሄደን ቤተ መንግሥት እናድሳለን ማለቴ አይደለም። የምንጀምረው ከመጽሐፍ መደገፊያ፣ ከሥዕል ክፈፍ፣ ከመሶብ ማስቀመጫ ነው። የአንገት ጥለት የምትጠልፍ እኅታችን ንድፍ አታጣም፤ የጎደላት ስለቱን መልመድ ብቻ ነው።

የበጉን ሐሳብ አልንቀውም። በግ ይወልዳል፣ ይሸጣል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንጨት ገበያው ገና አልተፈተነም፣ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማሽኗ ከመሸጧ በፊት ስድስት ወር ይሰጠን። ፈቃደኛ የሆንን አምስት ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን እንሠራለን፤ የስለቱንና የጣውላውን ወጪ፣ የሸጥነውንም በመዝገብ ይዘን ለጉባኤው እናቀርባለን። ሂሳቡ ካልወጣልን፣ ማሽኗን ተሸክሜ ገበያ የማወጣት እኔው ነኝ።

ለአንጋፋዋ እናታችን ደግሞ በሦስተኛው ስለት የቆረጥኳትን ትንሽ መስቀል አድርሻለሁ። አገላብጠው አዩዋት፤ ወደ መስኮቱ አነሡና ብርሃኑን በቀዳዳዎቹ አሾልከው ተመለከቱ። «ይቺ ጫፏ ትንሽ ተንጋዳለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ተንጋዳለች። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወሰዷት።

ቸር ያገናኘን።

ከማኅበሩ አባል፣ መሐል ሜዳ