የተመራማሪ «ሳይቴሽን» ሲባል ምን ማለት ነው? ቁጥሩ የሚናገረውና የሚደብቀው

«ፕሮፌሰሩ 200 ጥናት አሳትመዋል፣ ኤች-ኢንዴክሳቸው 40 ነው» የሚል ፖስት አይታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ግን ምን ማለት ነው? ከመድኃኒት ምርምር እኛኑ የሚመለከት ምሳሌ ይዘን እንየው።

📌 ሳይቴሽን
አንድ ጥናት በሌላ ጥናት ውስጥ በምንጭነት ሲጠቀስ አንድ ሳይቴሽን ተቆጠረለት ይባላል።

📌 ኤች-ኢንዴክስ
የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ በ2005 ያቀረበው መለኪያ ነው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጥናቶች ያሉት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 20 ይሆናል። 100 ጥናት ጽፎ አንዱም ያልተጠቀሰለት ሰው ዜሮ ነው። 5,000 ጊዜ የተጠቀሰ አንድ ጥናት ብቻ ያለው ደግሞ 1 ነው። አዎ፣ 1 ብቻ!

📌 ምሳሌው
ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ኢትዮጵያዊት የፋርማኮሎጂ ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ዘረ-መል በኢትዮጵያውያን ላይ ፈተሹ። ከተሳታፊዎቹ 29 በመቶው የዚህ ዘረ-መል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ግን በጣም ፈጣኖቹ 1-2 በመቶ ገደማ ናቸው።

ይሄ ለምን ያሳስባል? ኮዴይን የተባለው የህመምና የሳል መድኃኒት ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀየረው በዚሁ ዘረ-መል በሚሠራ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ከመጠን በላይ ፈጣን የሆነበት ሰው በተለመደው መጠን ብዙ ሞርፊን ሰውነቱ ውስጥ ይከማችበታል፤ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል።

ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት ከሞቱ በኋላ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ በ2012 ማስጠንቀቂያ አወጣ። ማስጠንቀቂያው ላይ ባለው የሕዝቦች ሰንጠረዥ ውስጥ ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ተብለው ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ መድኃኒቱ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ፣ ለሚያጠቡ እናቶችም እንደማይመከር አሳወቀ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ያ የ1996 ጥናት የቱንም ያህል ጊዜ ቢጠቀስ ኤች-ኢንዴክስ ላይ ከ1 በላይ አይጨምርም። በማስጠንቀቂያ ሰንጠረዥ ውስጥ መግባቱ፣ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ቆም ብሎ እንዲያስብ ማድረጉም በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

📌 ቁጥሩ የሚያሳስትባቸው ሌሎች መንገዶች
👉 ብዙ መጠቀስ ትክክል መሆን አይደለም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ በ2010 በላንሴት መጽሔት ተሰርዟል፤ ግን እስካሁን በብዛት ይጠቀሳል። የሚጠቀሰው በአብዛኛው ለመተቸት ነው፤ ቆጣሪው ግን ሙገሳን ከትችት አይለይም።
👉 ጎግል ስኮላር፣ ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ ለአንድ ሰው የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ፤ የሚቆጥሩት የጽሑፍ ስብስብ አንድ አይደለምና።
👉 የእኛ ስም ራሱ ችግር አለው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት መንገድ ይጻፋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ሊከፈል፣ የሁለት ሰው ሥራም ባንድ ስም ሊደመር ይችላል። ኦርሲድ የሚባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ የመጣው ለዚህ ነው፤ ተማሪ ከሆናችሁ አሁኑኑ አውጡ፣ ነፃ ነው።

📌 ስለዚህ ቁጥር ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦
1. ከየትኛው ዳታቤዝ ነው የተወሰደው?
2. በየትኛው ሙያ? (የሕክምና ጥናት ከሒሳብ ይልቅ በብዛት ይጠቀሳል።)
3. ከሁሉም በላይ፣ ጥናቱ ያገኘው ነገር ምንድነው? ማንንስ ጠቀመ?

ሦስተኛውን ቁጥር አይመልሰውም። ጥናቱን ከፍቶ ማንበብ የግድ ነው።