ከአውጫጭኝ ሜዳ እስከ ጥናት ቡድን

በሬ ከጋጥ ሲጠፋ፣ ክምር በሌሊት ሲቃጠል ወይም ሰው መንገድ ላይ ተገድሎ ሲገኝ፣ አድራጊው ካልታወቀ በደብረ ወርቅ ዙሪያም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ የሚመረምር ፖሊስ አልነበረም። መርማሪው አገሩ ራሱ ነበር። ጭቃ ሹሙ ቀን ይቆርጣል፤ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ሁሉ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ወይም ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለ ሜዳ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። አውጫጭኝ ይህ ነው፤ በሌላ አገር አፈርሳታ ይሉታል።

አሠራሩ የታሰበበት ነበር። ሕዝቡ ከመሐሉ የታመኑ ሽማግሌዎችን ይመርጣል። እያንዳንዱ ሰው እየማለ ፊታቸው ይቀርብና ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ይናገራል። ደመኛ እንዳያፈራ የሚሰጋ ሰው «ወፍ ነገረኝ» ብሎ መጠቆም ይችላል፤ ሽማግሌዎቹም ወፊቱ ማን እንደሆነች አያወጡም። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሰው በየቀጠሮው ይሰበሰባል፤ እርሻው ይፈታል፣ ከብቱ ያለ ጠባቂ ይውላል። በመጨረሻ ካልተገኘም የጠፋውን ንብረት አገሩ በሙሉ አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል።

ዝምታ እንዲህ ያስከፍል ስለነበር የሚያውቅ ሰው ውሎ አድሮ መናገሩ አይቀርም። ያው ጉልበት ግን ዘመድ ያነሰውን፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረውን፣ ጎረቤት የጠላውን ሰው በብዙ አፍ ሊጥለው ይችል ነበር። ሴቶችም ከሜዳው አይወጡም፤ ያዩት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በባል ወይም በወንድም በኩል ነው።

ከዚህ የከፋው ሌባ ሻይ የሚባለው የሌባ መፈለጊያ ልማድ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ ይነሣል፤ መሪው በወገቡ ባሰረው መታጠቂያ ይዞት ይከተላል። ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ይባላል። መስካሪ አይጠየቅ፣ መከራከሪያ አይሰማ፤ የሰው ንብረትና ክብር በአንድ የሰከረ ልጅ እግር ላይ ይንጠለጠላል። ልማዱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ከመንግሥት ዕውቅና ውጭ ሲሆን ያዘነለት ተበዳይ የነበረ አይመስልም።

ከልማዶቹ ሁሉ መንገደኞችን እጅግ ያስገረመው ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠርና አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ነገሩ ሲከብድ ቋጠሮው በሰንሰለት ይተካል። የታሰረው ተከሳሹ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ከሳሹም ክሱ እስኪፈጸም ከቤቱና ከእርሻው ይለያልና በሐሰት ለመክሰስ የሚደፍር ሁለት ጊዜ ያስባል። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ የተጠራ ሰውም ይቆማል፤ የሚያስቆመው ዘበኛ ሳይሆን የጋራ እምነት ነበር።

እነዚህ ልማዶች በነበሩበት አገር የመጀመሪያው ዘመናዊ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጁ። በ1946 ዓ.ም. የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ተቋቁሞ ለዋና ዋናዎቹ ሕጎች የውጭ ሊቃውንት ተጠሩ። የስዊዘርላንዱ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የሥነ ሥርዓቱን ሕግ የመጨረሻ ረቂቅ ያዘጋጁት ደግሞ የማላያ ዋና ዳኛ የነበሩት ሰር ቻርልስ ማቲው ናቸው፤ ሕጉም በ1954 ዓ.ም. ጸና። በሙያ ደረጃ ሥራው ትልቅ ነበር። ነገር ግን አንድ የጎጃም ገበሬ ሲበደል መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ምስክር ለምን እንደሚሸሽ፣ ደም እንዴት እንደሚደርቅ ከየአገሩ ተጠይቆ የተሰበሰበ ጥናት ከሕጎቹ አልቀደመም።

ልማዱ በሕግ የገባባት አንዲት ጠባብ በር ነበረች፤ በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋመው የአጥቢያ ዳኛ። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስድብን፣ የእጅ እልፊትን፣ ጥቃቅን የንብረት ጉዳትንና ዋጋው ከ5 ብር ያልበለጠ ስርቆትን ለእሱ ተወለት። የአጥቢያው ዳኛ መጀመሪያ ለማስታረቅ እንዲሞክር፣ ዕርቅ እንቢ ሲል ግን እስከ 15 ብር እንዲቀጣ ሥልጣን ሰጠው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግና የመደበኛ ፍርድ ቤት ሆነ። የሰው ነፍስም፣ ከሁሉ በላይ ዕርቅ የሚጠይቀው ነገር፣ ከዚህ በር ውጭ ቀረ።

ጥናቱ የመጣው ከሕጎቹ በኋላ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት አስተማሪዎቹ የሚያስተምሩበት መጽሐፍ እንኳ አልነበራቸውም፤ እያስተማሩ ይጽፉ ነበር። ከእነሱ አንዱ ስታንሊ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት የማስተማሪያ መድበል አሳተሙ። ከዚያም ስለ አውጫጭኝ፣ ስለ ሌባ ሻይና ስለ ቁራኛ የጻፉት ጥናት አዲሱን ሕግ ከነባሩ ልማድ ጎን ለጎን አቀረበ። በጎጃም ደጋ ዳሞት ደግሞ አሜሪካዊው አለን ሆበን ከገበሬዎች ጋር ተቀምጦ የርስትን ሥርዓትና ሙግት አጠና፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ። የጎጃም ሰው ለምን ዕድሜ ልኩን እንደሚሟገት ከዚህ በተሻለ ያሳየ ሥራ ጥቂት ነው፤ መሬት የዘር ሐረግ ሲሆን የወሰን ጠብ የቤተ ዘመድ ጠብ ይሆናል፣ የዘመድ ጠብም ወደ ደም ይሄዳል።

ከአገሩ የበቀለ ተመልካችም ነበር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ባላገሮች የተለመደውን መማለጃ አንሰጥም ሲሉና ጌታቸው ፊታውራሪ መሸሻ ሊወጓቸው ዘምተው ሲማረኩ የምናየው ዳኛውም ከሳሹም አንድ ጌታ የሆነበትን አገር ነው። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» ብለው በቀጥታ ጠየቁ። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ «ወንጀለኛው ዳኛ» የተሰኘ ልብ ወለድ አወጡ። ሐዲስ መጠይቅ አልበተኑም፤ ሆኖም በዚያ ደጋ የፍርድ ነገር ሰውን የሚያቆስለው የት ላይ እንደሆነ ለሚያጠና ሁሉ መነሻ ትተዋል።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አውጥቶ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቆመ፤ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎዎችም በየአካባቢው ተቋቋሙ። ስለ እስረኛ ጠይቆ መጻፍ ራሱ የሚያሳስር ዘመን ነበር። የኢትዮጵያን የሕግ ታሪክ በኋላ በሰፊው የጻፉት አበራ ጀምበሬ ራሳቸው በዚያ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል።

ከመንግሥት ውጭ ሆኖ ፍትሕን በማስረጃ መጠየቅ ሥር የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1984 ዓ.ም. ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባዔን (ኢሰመጉ) መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1995 መዓዛ አሸናፊና ሌሎች የሕግ ባለሙያዎች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። የማኅበሩ ሥራ ለዛሬ የጥናት ቡድኖች ሁነኛ ምሳሌ ነው። የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ እንዲቀር የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው። የማኅበሩ ጠበቆች የተጠለፉና የተደፈሩ ሴቶችን ጉዳይ እየያዙ፣ በአርሲ ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ የተከሰሰችን ታዳጊ ጭምር ተከላክለው፣ ያዩትን ወደ ሕግ ማሻሻያ ጥያቄ ቀየሩት። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን ማምለጫ ዘጋ፤ ያለዕድሜ ጋብቻንም ለብቻው ወንጀል አደረገ። ሴት ልጅ በሕፃንነቷ የምትዳርበት ልማድ በቆየበት በጎጃም ይህ ለውጥ የብዙ ቤት ጉዳይ ነበር።

በዚያው በ1997 ዓ.ም. የፍትሕ ሥርዓቱ አጠቃላይ የመነሻ ጥናት ተጠናቀቀ። ከአንድ የኔዘርላንድ የሕግ ትብብር ማዕከል ጋር የተሠራው ይህ ጥናት የፍትሕ ሥርዓቱ ለድሃው እንደማይደርስ፣ ሙስናን፣ የሥልጣን መባለግንና የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትን ለመግታት የረባ እርምጃ እንዳልተወሰደ በግልጽ አስፍሯል። አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ግን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን በሰብዓዊ መብትና በፍትሕ አገልግሎት ዙሪያ እንዳይሠሩ ከለከለ። የኢሰመጉና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቦች ታገዱ፤ ቅርንጫፎች ተዘጉ፣ ባለሙያዎች ተበተኑ። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ሲያወጣ ከውጭ ሆኖ ውጤቱን የሚመዝንለት ጠንካራ ተመራማሪ አጥቶ ነበር። የጠፋው ገንዘብ ሊተካ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ከየወረዳው ሳይሰበሰብ የቀረው ቃል ግን አይመለስም።

በሩ እንደገና የተከፈተው በ2010 ዓ.ም. የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባዔ ሲቋቋም ነው። በሥሩ የተደራጁት የባለሙያ ቡድኖች ያለ ክፍያ እየሠሩ ጥናታቸውን ለሕዝብ ውይይት አቀረቡ፤ አዲሱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ና የሽብር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ከዚያ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መቀመጫው ዘ ሄግ የሆነው፣ ለትርፍ ያልቆመው ሂል የተባለ ድርጅት በኢትዮጵያ ከአምስት ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ የፍትሕ ፍላጎት ጥናት አሳተመ። ሰው ከሚገጥመው ነገር የመሬት ክርክር፣ የጎረቤት ጠብና ወንጀል ጎልተው ወጡ፤ መፍትሔ ፍለጋ የሚኬደው ደግሞ ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ ሽማግሌ ነው።

ደብረ ወርቅ ላይ ይህ ግኝት ሥጋ ለብሶ ይታያል። ነፍስ ከጠፋ የገዳይ ወገን ሽማግሌና ካህን ይዞ ይለምናል፤ የሟች ቤት ደጋግሞ ይመልሳቸዋል። ሲፈቅድም ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ዘመዶች ፊት ይወድቃል፤ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ደም ይደርቃል። ይህ ካልሆነ የሟች ወንድም ደመኛውን መጠበቁ አይቀርም። መንግሥት በበኩሉ ገዳዩን ይከሳል፤ ሕገ መንግሥቱ የባህል ዳኝነትን የፈቀደው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነውና ዕርቁ ክሱን አያስቀርም፤ ቢበዛ ቅጣቱን ያቀልለታል። የታረቁት ወገኖች ግን «ከታረቅን ወዲያ ምን እንመሰክራለን» ይሉና መዝገቡ ምስክር አጥቶ ይዘጋል። ዳኛው ሕጉን፣ ሽማግሌው ሰላሙን ይጠብቃል፤ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አይቶ ለሕግ አውጪው የሚያሳይ አጥኚ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ጥናት የሚመራ ሰው ሥራ ከቢሮ አይጨርስም። የተዘጉ መዝገቦችን በናሙና መቁጠር፣ የተቋረጡት በምስክር እጦት ይሁን በዕርቅ መለየት፣ ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ፣ ሴቶችን ከወንዶች ለይቶ፣ ሴት ጠያቂ ልኮ ማነጋገር አለበት። በተለይ ካሳው የተከፈለው ለማን እንደሆነ፣ የሟች ሚስት ተጠይቃ እንደሆነ፣ የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በሽምግልና ተሸፍኖ እንደሆነ ካልተመዘገበ ዕርቅን ማወደስ ግፍን መሸፈን ይሆናል። የተናጋሪውንም ስም መጠበቅ ግዴታው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ግጭት በአማራ ክልል ብዙ ወረዳዎች መደበኛውን የፍትሕ ሥራ ስላስተጓጎለ፣ ለአጥኚ የተናገረ ሰው በግጭቱ በሁለቱም ወገን ሊጠረጠር ይችላል። መንገድ የተዘጋበት ወረዳ ከናሙናው ሲወጣም ሪፖርቱ ይህንኑ ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሕጉ ሲሻሻል ያ ወረዳ ችግር እንደሌለበት ይቆጠራል። ግኝቱም ለአዲስ አበባ ስብሰባ ብቻ ሳይሆን፣ በአማርኛ ተጽፎ ለእነማይ፣ ለእናርጅ እናውጋና ለአጎራባች ወረዳዎች ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና ሽማግሌዎች ሊመለስ፣ ቃላቸውን የሰጡት ሰዎችም ትክክል መሆኑን ሊመሰክሩ ወይም ሊያርሙት ይገባል።