በቃል ያለና በፋይል ያለ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው፡፡ ይህ ብሂል በኮምፒውተር ዘመን ምን ያህል ይጸናል?

በአገራችን ዘመናዊ ፖስታ ከተቋቋመበት ከ1894 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ወዲህ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚጠብቀን በፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው፡፡ የነገሌ ቦረናም ሆነ የሞያሌ ሰው ደብዳቤውን ሊያወጣ ወደ ፖስታ ቤት ይሄዳል፡፡ ካወጣው በኋላ ደብዳቤው የእርሱ ብቻ ነው፤ ቢጠፋበት ፖስታ ቤቱ ግልባጭ የለውም፡፡

ኢሜይልም የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነበር፡፡ በ1984 የተነደፈው ፖፕ የተባለው ሥርዓት መልእክቱን ወደ ባለቤቱ ኮምፒውተር ያወርዳል፤ ካወረደም በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሰርቨሩ ላይ ይሰርዘዋል፡፡ በ1986 ማርክ ክሪስፒን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው አይማፕ ግን መልእክቱን በሰርቨሩ ላይ ትቶ ከየትም እንዲነበብ ያደርጋል፡፡

አገራችን ከኢንተርኔት ጋር በተዋወቀችበት በ1997 የማይክሮሶፍት አውትሉክም ለገበያ ቀረበ፡፡ ለፖፕ አካውንት የተመደበው ፋይል ፒኤስቲ ይባላል፤ እንደ ቤት ሣጥን ነው፡፡ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዶ መክፈት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለው ቅጂ እርሱ ብቻ ነው፡፡ የጥንቱ ፒኤስቲ ከ2 ጊጋባይት በላይ መያዝ አይችልም ነበር፤ ሲሞላ ይበላሻል፡፡ የ2003ቱ አውትሉክ ይህን ወሰን አሰፋው፡፡ ለኤክስቼንጅ አካውንት፣ ከ2013ቱ አውትሉክ ወዲህም ለአይማፕ፣ የሚያገለግለው ኦኤስቲ ደግሞ የሰርቨሩ ግልባጭ ነው፡፡ ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል፤ አካውንቱ ከተዘጋ ግን ግልባጩ ብቻውን በተለመደው መንገድ አይከፈትም፡፡

እንግዲህ የዚያ ዘመን የመሥሪያ ቤት ጉዳይ፣ የስደተኛ ልጅ ናፍቆት፣ የወዳጅ ምክር ሁሉ የተጻፈው በእነዚህ ፋይሎች ላይ ነው፡፡ ተጽፏል፤ ይወረስ ይሆን?

ነገሌን አልፎ ወደ ቆላው የወረደ ሰው የብሂሉን ሌላ ገጽ ያያል፡፡ ቦረናዎች ዘመንን የሚቆጥሩት በአባ ገዳዎች ስም ነው፤ ሥልጣኑም በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፡፡ በየ8 ዓመቱ በሚደረገው በጉሚ ጋዮ ጉባኤም ሕጉ በሕዝብ ፊት ይነገራል፣ ይመረመራል፣ ይሻሻላል፡፡ አንዱ ሽማግሌ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሳል፡፡ አስመሮም ለገሰ በ1973 ስለ ገዳ ታላቅ መጽሐፍ ከማሳተማቸው፣ ዩኔስኮም በ2016 ከመመዝገቡ አስቀድሞ፣ ይህ ሥርዓት ለዘመናት የኖረው በቃል ነበር፡፡

አበው ተሳስተዋል አልልም፡፡ «ይወረሳል» ሲሉ ግን ወራሽ እንዳለ አስበው ነው፡፡ የቦረናው ሕግ በየ8 ዓመቱ ወራሹን ፊት ለፊት ያገኛል፡፡ በአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የተዘጋው ሣጥናችን ግን ሳይጠራ ዓመታት አልፈውታል፡፡ አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒውተሩ ሳይጣል፣ አካውንቱም ሳይዘጋ፣ ደብዳቤዎችዎን አውጥተው ለልጅዎ ያሳዩ፡፡