የተመለሰ አገልግል

መቼም ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ የሄደ ሰው ማታ ማታ የሚሠራው የለውም። ዝናቡ አያስወጣ፣ ብርዱ አያስተኛ። ከዓመታት በፊት በአንዱ እንዲህ ባለ ምሽት እህቴ ቤት ከሰል ከበን እንደተቀመጥን፣ ልጇ ከቪዲዮ ቤት የተከራየውን ፊልም ከፈተልን። «ሬንዲሽን» ይባላል፤ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ለዕይታ የበቃ የአሜሪካ ፊልም ነው። ግብፅ ተወልዶ አሜሪካ የሚኖር አንድ መሐንዲስ፣ ከደቡብ አፍሪካ ስብሰባ ወደ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታፍኖ ይሰወራል። በምስጢር ስሙ ወዳልተገለጸ አንድ የሰሜን አፍሪካ አገር ተወስዶ በጨለማ ክፍል ይገረፋል። ሰበቡ «ፀረ ሽብር» ነው። ምርመራውን እንዲከታተል የተመደበው ወጣት የስለላ ሠራተኛ ግን ኅሊናው አላስችል ብሎት በመጨረሻ ሰውየውን ያስመልጠዋል።

ፊልሙ ሲያልቅ የእህቴ ልጅ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር እውነት ይደረጋል እንዴ?» አለኝ። እህቴ መልሱን ሳትጠብቅ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም «ይደረጋል» አልኩና ዝም አልኩ። ሌላው ቀርቶ፣ ያ ስሙ ያልተጠቀሰ አገር እኛው ብንሆን ኖሮ ውሸት አይሆንም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው ኬንያ የተያዙ ብዙ ሰዎች በአውሮፕላን እየተጫኑ፣ በሶማሊያ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተልከዋል። መንግሥትም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በሽብርተኝነት የጠረጠራቸውን 41 ሰዎች መያዙን አምኗል። እህቴን ወደ ጓዳ ያስገባት ግን ይህ አይደለም።

በ1970 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንዲት ጎረቤታችን፣ ስማቸውን አልጠራም፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ታስሮባቸው በየቀኑ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። እሳቸው አገልግሉን፣ እኔ ውኃውን ይዘን እንሄዳለን። በር ላይ ጠባቂው ክዳኑን ያነሳና ወረቀት እንዳይኖር እንጀራውን በእንጨት እየወጋ ይፈትሻል። እናትና ልጅ አይተያዩም። ወደ ማታ ግን አገልግሉ ባዶውን ይመለሳል። ደብዳቤው እሱ ነበር። ባዶ አገልግል ማለት «በልቻለሁ፣ አለሁ» ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት ጉርሻ የምታህል ካስተረፈ እናት ሲጨነቁ ያድራሉ፤ «ታሞ ይሆን? ጥርሱን መትተውት ይሆን?» እያሉ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። እኛ ልጆቹ እንኳ የምንጾምበት ጊዜ ነው። በጾሙ መካከል አንድ ቀን አገልግሉ እንደሞላ ተመለሰ። ሽሮው አልተነካም። ጠባቂው «ከነገ ጀምሮ አታምጡ» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ጎረቤታችን እዚያው በር ላይ አላለቀሱም። ቤታቸውም ገብተው አላለቀሱም፤ ለቅሶ መቀመጥ «የፀረ ሕዝብ ወዳጅ» ያሰኛላ! ስለዚህ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቡና የተጠራ መስሎ ገባ። ቡናው ተቆላ፣ ተፈላ፣ ተጠጣ። ልጅ ነኝና የገረመኝ፣ ያ ሁሉ ሴት ቡና ላይ ተሰብስቦ ወሬ አለመኖሩ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ስናወራ አንድ የምንዘነጋው ነገር አለ። ደርግ ሥራውን «ሽብር» ብሎ የጠራው ተሳስቶ ወይም አፍሮ አይደለም። መስከረም 1969 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። የኢሕአፓ ቡድኖች የቀበሌ ሹማምንትንና የመኢሶን ሰዎችን እያደኑ ይገድሉ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ደርግ ይህን «ነጭ ሽብር» አለው። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ አደባባይ ላይ ቆመው ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲከሰክሱ፣ የሚሉት የነበረው «ለሽብር መልሱ ሽብር ነው» መሆኑ ነው። እንግዲህ በባለቤቶቹ አንደበት ቀይ ሽብር ራሱ ፀረ ሽብር ነበር። ማርቆስ ላይ የተያዘው ተማሪ ጠመንጃ ይተኩስ ወይም ወረቀት ይበትን፣ ወይም ወረቀት ከሚበትን ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጥ፣ የሚለይለት አልነበረም። የሚለየው በግርፋት ነው ተባለ።

ግርፋቱም ስም ወጣለት፤ «ወፌ ላላ»። ልብ በሉ፣ ሕፃን ልጅ መቆም ሲለማመድ «ወፌ ቆመች» እያልን የምናጨበጭብለት ቋንቋ ነው። እጅና እግርን አንድ ላይ አስሮ፣ ከጉልበት ሥር እንጨት አሳልፎ፣ ሰውን ቁልቁል ሰቅሎ ውስጥ እግሩን መግረፍ ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው ቤቱ ልጆች ሳይኖሩት አይቀርም እያልኩ አስባለሁ።

ዓመታት አለፉ። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የኔዘርላንድ ፖሊስ እሸቱ ዓለሙ የተባለ ሰው ያዘ። በ1970 ዓ.ም. በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረ ነው። ያኔ ዕድሜው ከሃያ አራት የሚዘል አልነበረም፤ ከታሳሪዎቹ ብዙዎቹን በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ኔዘርላንድ ሄዶ፣ ዜግነት አግኝቶ ለብዙ ዓመታት በሰላም ኖሯል። እዚህ አገር ፍርድ ቤት በሌለበት ሞት ፈርዶበት ነበር።

ክሱ የታየው ሄግ ነው። እኛ ዘንድ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሠረት የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትም ዘር ማጥፋት ነው፤ መንግሥቱም ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ ነው። ዓለም አቀፉ ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም። ስለዚህ የኔዘርላንድ ዐቃቤ ሕግ በሌላ በር ገባ፤ በዚያን ጊዜ አገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፣ በጦርነት ደግሞ የተያዘን ሰው መግደልና ማሠቃየት የጦር ወንጀል ነው አለ። ፍርድ ቤቱ ተቀበለው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የ63 ዓመቱ ተከሳሽ፣ በ1970 ዓ.ም. ነሐሴ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን 75 እስረኞችን በማስገደል፣ 321 ሰዎችን ያለ አግባብ በማሰርና ሰብአዊነት በጎደለው ሁኔታ በመያዝ፣ በማሠቃየትም ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በሥርዓቱ ለደረሰው በደል ይቅርታ ቢጠይቅም የቀረበበትን ክስ አላመነም። ይግባኝ ሰሚውም ሰኔ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ዕድሜ ልኩን አጸናው።

ዳኞቹ ፊት ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል ፊርማ ያረፈባቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። ፊልሙ ላይ እስረኛውን ያወጣው የአንድ ሰው ኅሊና ነው። በማርቆስ ግን ከዚያ በር እንዲህ ያለ ሰው ብቅ አላለም፤ ብቅ ያለው፣ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወረቀት ነው። የእኛ ቢሮ መቼም ያለ ደብዳቤ አይንቀሳቀስም። ለሙቀጫ መግዣ የሚጻፈው ደብዳቤ ቁጥርና ማኅተም እንዳለው ሁሉ፣ «አብዮታዊ እርምጃ» ለሚወሰድባቸው ሰዎችም ይጻፋል። ጸሐፊዋ ታይፕ ትመታለች፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ መዝገብ ቤት ያስቀምጣል። ያስቀመጠው ሰው ምን እያሰበ ነበር? ምንም። ሥራው ማስቀመጥ ነው። ያ ልማድ አስገደለን፤ ያው ልማድ ደግሞ አስፈረደልን። ሁለቱን ባንድ ላይ ማሰብ ይከብደኛል።

የመጀመሪያው ፍርድ የተሰማ ሰሞን ማርቆስ ነበርኩ። ጎረቤታችንን ልጠይቅ ገባሁ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። እንደነገርኳቸው፣

«ስንት ነው ያሉት?» አሉኝ።

«ሰባ አምስት።»

«ስማቸውን ጠሩ?»

«ሬዲዮው የተናገረው ቁጥሩን ነው፣ እትዬ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። አገልግሉ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቆየት ብለው የልጃቸውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነገሩኝና «ጻፈው እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ። ሌላ ወረቀት ስላልያዝኩ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።