የ48 ሰዓት ሲኒማ አጀማመርና ሥርዐት

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ጥድፊያን ቢነቅፉም፣ ጥድፊያን ራሱን የኪነ ጥበብ ሕግ አድርገው የደነገጉ ሰዎች በዘመናችን ተነሥተዋል፤ እነርሱም ዓርብ ማታ ከባዶ ወረቀት ተነሥተው እሑድ ማታ ያለቀለት አጭር ፊልም የሚያስረክቡ፣ ደመወዝ የማይቆረጥላቸው፣ ለሙያው ባላቸው ፍቅር ብቻ የሚደክሙ አማተሮች ናቸው። ልማዱ ላይ ላዩን ሲያዩት የወጣቶች ጨዋታ ይምሰል እንጂ፣ ሥረ መሠረቱ ሲመረመር የአማተር ሲኒማ ሰማንያ ዓመት ያህል የተጓዘበትን መንገድ ይገልጣል።

ፊልም መሥራት አስቀድሞ የባለሙያዎችና የባለጸጎች ርስት ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1923 የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ቀደመው በቀላሉ በእሳት የማይያያዝ ፊልም ከነካሜራው ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ግን፣ ሐኪሙም መምህሩም በትርፍ ጊዜው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማንሣት በቃ፤ በ1932ም ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት በተጨነቀችበት ወራት 8 ሚሊሜትሩ መጥቶ ወጪውን አቃለለለት። በ1926 ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ መሐንዲስ፣ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የፈለሰፈው የሂራም ማክሲም ልጅ፣ በኒው ዮርክ የአማተር ሲኒማ ማኅበርን አቋቋመ፤ ማኅበሩም ከ1930 ጀምሮ የየዓመቱን ዐሥር ምርጥ ፊልሞች እየለየ በመጽሔቱ ያወድስ ነበር። በአውሮጳም በ1931 በብራስልስ የአማተሮች ዓለም አቀፍ ውድድር ተካሄደ፤ በ1937 ደግሞ ዓለም አቀፉ ኅብረታቸው ተመሠረተ።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ውድድሮች ዳኛ እንጂ ሰዓት አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር። አማተሩ 100 ጫማ የሚረዝመውን፣ ሲታይ ግን አራት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚቆየውን ጥቅል አንሥቶ በጨረሰ ጊዜ ወደ ፊልም ማጠቢያው በፖስታ ይልከዋል፤ ታጥቦ እስኪመለስለትም ድረስ የያዘው ብርሃን ይሁን ጨለማ ሳያውቅ በተስፋ ይቆያል፤ ከዚያም በኋላ እየቆረጠና በማጣበቂያ እየቀጠለ ይሰነብታል። በዚህ ሁሉ መካከል ሥራው ሳይፈጸም በቆርቆሮው ውስጥ የቀረበትም ጥቂት አልነበረም።

ይህን ጥበቃ የሻረው የዲጂታል መሣሪያ ነው። በ1995 ትንሹ የዲጂታል ቪዲዮ ካሴት ወጣ፤ በ1999 ደግሞ የአፕል ኩባንያ ፋይናል ከት ፕሮና አይሙቪ የተባሉትን የማቀናበሪያ ፕሮግራሞች አቀረበ፤ ስለዚህ ጠዋት የተቀረጸው ምስል ማታውኑ በቤት ኮምፒዩተር ይቀናበር ጀመር። በዚያው በ1995 በኒው ዮርክ ድርሰቱ ተጽፎ፣ ተጠንቶ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመድረክ የሚበቃ የተውኔት ልማድ ተጀምሮ ነበርና፣ ማርክ ሩፐርት የተባለ የዋሽንግተን ዲሲ ፊልም ሠሪ ሐሳቡን ከእንዲህ ያለው ተውኔት ወስዶ፣ ከባልደረባው ከሊዝ ላንግስተን ጋር በ2001 የ48 ሰዓት የፊልም ውድድርን መሠረተ።

የሥርዐቱ ብልሃት ሊስተዋል ይገባዋል። ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የየቡድኑ አለቃ ቀርቦ የፊልሙን ዘውግ፣ አስቂኝ ይሁን አስፈሪ፣ የፍቅር ይሁን የወንጀል ምርመራ፣ በዕጣ ያወጣል፤ ለቡድኖቹ ሁሉ ደግሞ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ዕቃና ከተዋናይ አፍ የሚወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር በጋራ ይታዘዝላቸዋል። ትእዛዙ የፊልሙ ማኅተም ነው፤ ማንም ከወራት በፊት የሠራውን አዲስ አስመስሎ እንዳያቀርብ ይጠብቃልና። ተዋንያንን ማሰባሰብና ካሜራን ማዘጋጀት አስቀድሞ ይፈቀዳል፤ መጻፍ፣ መለማመድ፣ መቅረጽና ማቀናበር ግን ከ48ቱ ሰዓት አይወጡም። ሌሊቱ በድርሰት ይነጋል፤ ቅዳሜ በቀረጻ ይመሻል፤ እሑድ ሲያዘቀዝቅም ከ4 እስከ 7 ደቂቃ የሚረዝመውን ፊልም ኮምፒዩተሩ አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ከቡድኑ አንዱ የመኪና ቁልፍ ጨብጦ በር ላይ ይቆማል። ማስረከቢያው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ፊልም በሲኒማ ቤት ከመታየት ባይከለከልም ከዳኞች ሽልማት ይወጣል።

ልማዱ ፈጥኖ ተስፋፋ፤ በ2003 አንት ቲምፕሰን የተባለ ሰው በኒው ዚላንድ የአገሩን የ48 ሰዓት ውድድር ጀመረ፣ የዋሽንግተኑም ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ከ70 በሚበልጡ ከተሞች ይካሄድ ነበር። ይህ ማለት ግን ኪነ ጥበብ ሁሉ ለሰዓት ይገዛ ማለት አይደለም፤ በዚያው በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኃይሌ ገሪማ በ2008 የታየውን «ጤዛ» የተባለ ፊልማቸውን ለመፈጸም 14 ዓመት ደክመዋል፤ የደከሙለትም ታሪክ ያን ያህል ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር።

የአማተሩ ችግር ግን ሌላ ነው። መሣሪያው ከጣለበት ገደብ ነጻ በወጣበት ሰዓት፣ ማዕድ ሞልቶለት ሳለ በፈቃዱ እንደሚጾም ምእመን፣ አዲስ ገደብ በራሱ ላይ ማወጁ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገ የሚባል ቀን እስካለው ድረስ ድርሰቱን ሲያርም ይኖራልና። ካሜራውን ያስያዘው ኮዳክ ነው፤ ከፖስታ ጥበቃ ያወጣው ዲጂታሉ ነው፤ የጀመረውን እንዲፈጽም ያደረገው ግን በገዛ ፈቃዱ የተቀበለው ቀነ ገደብ ነው።